ጋፑን፦ ልጆቿ የአያቶቻቸውን ቋንቋ የተዉባት መንደር

(ለጂኦግራፊና ለቋንቋ ማስተማሪያ ዘዴ ተከታታዮች የቀረበ ጥናት)



«ቋንቋ እንዴት ይሞታል?» ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኞቻችን የምንሰጠው መልስ ተመሳሳይ ነው። «ገዥ ይከለክለዋል፤ ትምህርት ቤት ያጠፋዋል፤ ወይም ተናጋሪዎቹ በጦርነትና በበሽታ ያልቃሉ» እንላለን። መልሱ ስሕተት ነው አይባልም። በብዙ አገር እንዲህ ሆኗል። ነገር ግን ማንም ሳይከለክለው፣ ሕዝቡም ሳያልቅ፣ እንዲያውም በቁጥር እየበዛ ሳለ ቋንቋው የሚሞትበት ሁኔታ አለ። ለዚህ ጉዳይ በዓለም ላይ በጥንቃቄ ከተጠኑት ምሳሌዎች አንዷ ጋፑን የምትባል ትንሽ የፓፑዋ ኒው ጊኒ መንደር ናት።

ይህች መንደር ከእኛ እጅግ የራቀች ናት። ይሁንና እዚያ የሆነው ነገር የአስተማሪን ሥራ በቀጥታ የሚነካ ስለሆነ ከዚህ በታች እናቀርበዋለን። መጀመሪያ አገሩን፣ ቀጥሎ የመንደሩን ኑሮ፣ በመጨረሻም ቋንቋው የተተወበትን ምክንያት እንመለከታለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ/ አገሩና አካባቢው

የኒው ጊኒ ደሴት ከአውስትራልያ በስተሰሜን የምትገኝ ስትሆን በስፋት ከግሪንላንድ ቀጥላ በዓለም ሁለተኛ ናት። ምዕራባዊው እኩሌታ የኢንዶኔዥያ ግዛት ነው። ምሥራቃዊው እኩሌታ ከአያሌ ትናንሽ ደሴቶች ጋር ፓፑዋ ኒው ጊኒ የተባለው አገር ነው። የቆዳ ስፋቱ ወደ 462,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የሕዝቡ ቁጥር ከ10 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

ሰሜናዊው ክፍል ከ1884 እስከ 1914 በጀርመን ተይዞ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ አውስትራልያ ወሰደችው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1942 እስከ 1945፣ የጃፓን ጦር ብዙውን የሰሜን ጠረፍ ያዘ። ከጦርነቱ በኋላ አስተዳደሩ ወደ አውስትራልያ ተመለሰ፤ አገሪቱም መስከረም 16 ቀን 1975 ነፃነቷን አገኘች።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ለእኛ ለአስተማሪዎች ይጠቀስ። የአገሪቱ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ማይክል ሶማሬ ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት አስተማሪ ነበሩ። ያደጉትም ከጋፑን ብዙም በማይርቀው በሙሪክ ሐይቆች አካባቢ ነው። በልጅነታቸው ማንበብና መቁጠር የተማሩት በጦርነቱ ጊዜ ጃፓኖች ከከፈቱት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ቋንቋውም ጃፓንኛ ነበር። አንድ ሕፃን ከቤቱ አንድ ቋንቋ ይዞ ይወጣል፤ ትምህርት ቤት ሌላ ቋንቋ ይጠብቀዋል፤ ጦርነቱ ሲያልፍ ደግሞ ሦስተኛ ይመጣበታል። የአካባቢው ታሪክ በአጭሩ ይህን ይመስላል።

የፓፑዋ ኒው ጊኒ ትልቁ ልዩ ጠባይ የቋንቋዎቿ ብዛት ነው። በዓለም ላይ ካሉት 7,000 ያህል ቋንቋዎች መካከል ከ800 የሚበልጡት በዚህች አንዲት አገር ይነገራሉ። ከአሥር አንድ በላይ መሆኑ ነው። ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ከመልክዐ ምድሩ ጋር የተያያዘ ነው። መካከሉ ገደል የበዛበት ከፍተኛ ተራራ፣ ቆላው ጫካና ረግረግ ነው። ዋና ከተማው ፖርት ሞርስቢ ከሰሜን ጠረፍ ጋር በመኪና መንገድ እስከ ዛሬ አልተገናኘም። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚኬደው በአውሮፕላን ወይም በመርከብ ነው። ከዚህም ሌላ ሕዝቡ ራሱ ቋንቋውን ከጎረቤቱ የሚለይበት ምልክት አድርጎ ስለሚኮራበት፣ አንድ መንደር የራሱ ቋንቋ ያለው መሆኑ እንደ ድንቅ ነገር አይታይም።

ጋፑን የምትገኘው በምሥራቅ ሴፒክ ክፍለ ሀገር፣ በሴፒክና በራሙ ወንዞች ታችኛ ክፍል መካከል ነው። ከምድር ወገብ በስተደቡብ 4 ዲግሪ ገደማ ላይ ትውላለች። ሴፒክ ከመካከለኛው ተራራማ አገር ተነሥቶ ወደ 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጠማዘዘ ተጉዞ ቢስማርክ ባሕር ይገባል። ዳርና ዳሩ ረግረግ፣ ሐይቅና ሣር ነው። አየሩ ዓመቱን ሙሉ ሞቃትና እርጥብ ነው፤ ዝናቡ ብዙ፣ ትንኙም ብዙ፣ ወባውም የዚያኑ ያህል ነው።

2ኛ/ የመንደሩ ኑሮ

ወደ ጋፑን የመኪና መንገድ የለም። ከክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከዌዋክ ወንዝ ዳር እስካለችው እስከ አንጎራም በመኪና ይኬዳል። ከዚያ በኋላ ሞተር በተገጠመለት ታንኳ ብዙ ሰዓት በወንዙ መውረድ ነው። ወንዙን ትቶ በጠባብ የውሃ መንገድ መግባት ይከተላል። በመጨረሻም ጭቃ ላይ በተጋደሙ ግንዶች ላይ እየተራመዱ ረግረጉን መሻገር ያስፈልጋል። ዝናብ ከበዛ ወይም ቤንዚን ከጠፋ መንገደኛው እዚያው ነው የሚቀረው።

መንደሩ በጫካ የተከበበ ነው። ቤቶቹ በእንጨት ምሰሶ ላይ ከመሬት ከፍ ብለው ይሠራሉ። ወለሉ የዘንባባ ልጥ፣ ክዳኑ የሳጎ ዘንባባ ቅጠል ነው። ኤሌክትሪክ የለም።

የሕዝቡ ዋና ምግብ ሳጎ ነው። ሳጎ በረግረግ የሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ነው። እህል የሚሆነው ፍሬው ሳይሆን የግንዱ ውስጥ ነው። ዛፉ ሊያብብ ሲል ይቆረጥና ግንዱ ይሰነጠቃል። ውስጡ እየተቀጠቀጠ ይፋቃል። የተፋቀው በውሃ እየታሸ ይጠለላል፤ ከሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ይወሰዳል። እንሰት ከሚፋቅበትና ቡላ ከሚጠለልበት አገር የመጣ ሠልጣኝ ሥራውን ሳያየው ይገባዋል። በጋፑን ግንዱን መጣል የወንዶች፣ ማጠቡና ማብሰሉ የሴቶች ሥራ ነው። ዱቄቱ በፈላ ውሃ ሲመታ እንደ ሙጫ የሚለጠጥ ገንፎ ይወጣዋል። ኃይል ሰጪ ነው፤ ገንቢ ንጥረ ነገር ግን የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በቅጠላ ቅጠል፣ በኮኮናት ወተት፣ በዓሣ፣ ሲገኝም በጫካ ዓሣማ ሥጋ ይበላል። በወደቀው የሳጎ ግንድ ውስጥ የሚራባው ወፍራም ትልም ተወዳጅ ምግብ ነው። በእኛ ዓይን ምን ይመስላል የሚለውን ትተን ከምግብ ጥናት አንጻር ብናየው፣ ሳጎው የጎደለውን ቅባትና ፕሮቲን የሚሞላው እሱ ነው።

ሕዝቡ ገንዘብ ለማግኘት ብዙ ሞክሯል። በተለያየ ጊዜ ቡናም፣ ካካዎም፣ ቫኒላም ተክሏል። የቫኒላ ዋጋ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዓለም ገበያ ሰማይ ሲነካ የሴፒክ አካባቢ ገበሬ ሁሉ ወደዚያ ዞሮ ነበር፤ ዋጋው ብዙም ሳይቆይ ወደቀ። የጋፑን ችግር ግን ዋጋ ብቻ አይደለም። ያመረተውን ምርት በታንኳ ጭኖ ገበያ ማድረስ የሚያስወጣው ወጪ ትርፉን ይበላዋል።

3ኛ/ ታያፕ የተባለው ቋንቋ

የጋፑን ሕዝብ ቋንቋ ታያፕ ይባላል። ቋንቋ አጥኚዎች ከ«ፓፑዋን» ቋንቋዎች ይመድቡታል። ይህ ስያሜ ግን አንድ ቤተ ዘመድ መሆናቸውን አያመለክትም። በአካባቢው ከሚነገረው ሰፊው የአውስትሮኔዥያ ቤተሰብ ውጭ የሆኑትን ሁሉ ለማለት ነው። ታያፕ ደግሞ ከእነዚህም መካከል ዘመድ አልተገኘለትም፤ ብቻውን የቆመ ቋንቋ ነው። የመሬት ታሪክ አጥኚዎች እንደሚሉት ከስድስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ የሴፒክ ረግረግ የሆነው ቦታ ባሕር ነበር። ጋፑን ያለችበት ኮረብታም ያን ጊዜ ደሴት እንደነበር ይገመታል። ምናልባት ቋንቋው ብቻውን የቀረው በዚህ ምክንያት ይሆናል።

የታያፕ ሰዋስው ቀላል አይደለም። ግሡ አድራጊውንና ተደራጊውን አብሮ ይሸከማል። ስሞች ተባዕትና አንስት አላቸው፤ ሕይወት የሌለው ዕቃ ሲሆን ግን ጾታው በቅርጹ ይወሰናል። ረጅምና ቀጭን የሆነው ወደ ተባዕት፣ አጭርና ድቡልቡል የሆነው ወደ አንስት ያደላል። እንግዲህ በጽሑፍ ያልሰፈረ ሁሉ «ሰዋስው የለውም» የሚል ሠልጣኝ ቢኖር ይህን ያስታውስ።

ስለ ቋንቋው ለመጀመሪያ ጊዜ ለውጭው ዓለም ያስታወቀው ጌዮርግ ሆልትከር የተባለ ሚስዮናዊና ተመራማሪ ነው። በ1937 መንደሩን ለአጭር ጊዜ ጎብኝቶ በ1938 ጥቂት ቃላት አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ዘመን የሚያጠናው አልተገኘም። በ1985 ግን ዶን ኩሊክ የተባለ፣ በስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሰብእ ተማሪ የነበረ ወጣት ወደ መንደሩ መጣ። በ1986 እና በ1987 ከሕዝቡ ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ኖረ። ከዚያም እስከ 2014 ድረስ በተለያየ ጊዜ እየተመላለሰ አጠና። የመጀመሪያው መጽሐፉ በ1992፣ የታያፕ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ደግሞ ከአንጄላ ቴሪል ጋር በ2019 ታትሟል።

ይህ ጥናት ያሳየው ቁጥር የሚከተለው ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ የመንደሩ ሕዝብ ከመቶ ትንሽ የሚበልጥ ሲሆን ከዚህ ውስጥ ወደ 90 የሚጠጉት ታያፕን አጣርተው ይናገሩ ነበር። ያን ጊዜ ግን ዕድሜው ከ10 ዓመት በታች የሆነ አንድም ልጅ በታያፕ አይናገርም ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ የሕዝቡ ቁጥር 200 ገደማ ደረሰ፤ የታያፕ ተናጋሪ ግን ከ50 በታች ወረደ። ሰው በእጥፍ ሲጨምር ቋንቋው በእኩሌታ ቀነሰ ማለት ነው።

4ኛ/ ሌላው ቋንቋ እንዴት ገባ?

ልጆቹ የሚናገሩት ቶክ ፒሲን የተባለውን ቋንቋ ነው። ቶክ ፒሲን በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ አውሮፓውያን በደቡብ ባሕር ደሴቶች በከፈቷቸው እርሻዎች ላይ ከየአገሩ የተሰበሰቡ ሠራተኞች ለመግባባት ሲሉ ያበጁት ነው። ቃላቱ በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ የመጡ ናቸው። ቤት «ሃውስ»፣ አስተማሪ «ቲሳ»፣ ሆስፒታል «ሃውስ ሲክ» (የሕመም ቤት እንደማለት) ይባላል። አንዳንዶች «የተሰበረ እንግሊዝኛ» እያሉ ያቃልሉታል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ለምሳሌ ያህል «ዩሚ» ሲል «እኛ፣ አንተም ጭምር» ማለቱ ነው፤ «ሚፔላ» ሲል ደግሞ «እኛ፣ አንተን ሳይጨምር» ማለቱ ነው። ይህን ልዩነት እንግሊዝኛ በአንድ ቃል አይለይም፤ የእኛም «እኛ» አይለይም። ዛሬ ቶክ ፒሲን በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ የሚግባባበት፣ በምክር ቤትም የሚነገር የአገሪቱ ቋንቋ ነው።

ወደ ጋፑን የገባው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን አካባቢ ነው። ሁለት የመንደሩ ሰዎች ኒው ብሪተን በተባለው ደሴት፣ ኮኮፖ አጠገብ በነበረ የኮኮናት እርሻ ሠርተው ተመለሱ። ሲመለሱ የብረት መሣሪያና ጨርቅ ይዘው ነበር። ከዚያም ጋር ቶክ ፒሲንን አመጡ። ዕቃው ለዘመድ ተከፋፍሎ አለቀ፤ ቋንቋው ግን ቀረ። ወጣቶቹም ከእነርሱ እየተማሩ በተራቸው ወደ እርሻ ሄዱ። በዚህ ሁኔታ ቶክ ፒሲን የወንድ፣ የተጓዘ ሰውና የነጩ ዓለም ቋንቋ ተደርጎ ታየ። ሴቶቹ የተማሩት ብዙ ቆይተው ነው።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህን ለውጥ አፋጠነው። ጃፓኖች አካባቢውን ሲይዙ ሕዝቡ ወደ ጫካ ሸሸ፤ በዚያም በበሽታ ብዙ ሰው አለቀ። ከሞቱት መካከል የቆየውን ሥርዓት ጠንቅቀው የሚያውቁ ሽማግሌዎች ይገኙባቸዋል። ከጦርነቱ በኋላ መንደሩ የካቶሊክ ሃይማኖትን ተቀበለ። ጸሎቱም ስብከቱም በቶክ ፒሲን ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ሰዎቹ ከጥንት ጀምሮ የጎረቤቶቻቸውን ሁለትና ሦስት ቋንቋ ይችሉ ነበር፤ ሆኖም ታያፕን አልተዉም። ታዲያ በቶክ ፒሲን ጊዜ ምን ተለወጠ?

5ኛ/ «ሄድ» እና «ሳቬ»

ኩሊክ ወላጆችን ሲጠይቅ ሁሉም የመለሱለት አንድ ነገር ነበር። ልጆቻቸው ታያፕን እንዲያውቁ ይፈልጋሉ፤ የማይናገሩት ልጆቹ እምቢ ስላሉ ነው አሉ። እንዴ! የሁለት ዓመት ሕፃን ቋንቋ ይመርጣል እንዴ? ያሰኛል። ጋፑኖች ግን አዎን፣ ይመርጣል ባዮች ናቸው። ለምን እንዲህ እንደሚሉ ለመረዳት ስለ ሰው ጠባይ ያላቸውን አስተሳሰብ ማወቅ ይገባል።

እንደ እነርሱ አስተሳሰብ በሰው ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው «ሄድ» ይባላል። ቃሉ «ራስ» ማለት ሲሆን የሚያመለክተው እልህን፣ እምቢ ባይነትን፣ ለራስ ብቻ ማሰብን ነው። ሁለተኛው «ሳቬ» ይባላል። ማወቅ ማለት ነው፤ ይኸውም ለሰው ማሰብን፣ መቻቻልን፣ ነገርን ማብረድን ይጨምራል። እኛ «ነፍስ አወቀ» ከምንለው ጋር ይቀራረባል። ሕፃን ሲወለድ ሙሉ በሙሉ «ሄድ» ነው፤ «ሳቬ» ቀስ በቀስ ይመጣለታል ይላሉ።

ስለዚህ ሕፃኑ ገና ሲንተባተብ የመጀመሪያ ቃሉ «ኦኪ» ነው ተብሎ ይተረጎማል። በታያፕ «ልሂድ» እንደማለት ነው። ቀጥሎም «ሚንዳ» (ሰለቸኝ) እና «አያታ» (ተው) ይላል ይባላል። ልብ በሉ፤ የእኛ እናት ሕፃኗ «እማ» አለ ብላ ደስ ሲላት፣ የጋፑን እናት ደግሞ ልጇ «ልሂድ፣ ሰለቸኝ፣ ተው» አለ ትላለች። ሦስቱም ቃላት የታያፕ ናቸው።

ከጊዜ በኋላ እነዚህ ሁለት ጠባዮች ከሁለቱ ቋንቋዎች ጋር ተጣበቁ። ታያፕ ከ«ሄድ» ጋር ሆነ። ሴቶች ሲቆጡ ከቤታቸው ሆነው መንደሩ ሁሉ እየሰማ የሚያወርዱት የስድብ ናዳ (እነርሱ «ክሮስ» ይሉታል) በአብዛኛው በታያፕ ነው። ቶክ ፒሲን ደግሞ ከ«ሳቬ» ጋር ሆነ። ወንዶች በስብሰባ ተቀምጠው ነገር የሚያበርዱበት፣ ጸሎት የሚደረግበት፣ ስለ ትምህርትና ስለ ዕድገት የሚነገርበት ቋንቋ እርሱ ነው።

እንግዲህ ቤት ውስጥ የሚሆነውን እንይ። እናት ልጇን በታያፕ ትጠራዋለች። ልጁ ዝም ይላል። እሷም መልሳ በቶክ ፒሲን ትጠራዋለች፤ ያን ጊዜ ይመጣል። ነገሩ በቀን አሥር ጊዜ ይደገማል። ልጁ ከዚህ ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛ፣ በታያፕ የተባለውን ባይሰማም ችግር የለም፤ ይደገምለታል። ሁለተኛ፣ ቁም ነገሩ የሚነገረው በቶክ ፒሲን ነው። ሕፃናቱን ቀኑን ሙሉ የሚጠብቁት ታላላቆቻቸው ደግሞ ራሳቸው ቶክ ፒሲን ብቻ የሚናገሩ ናቸው። እናትየው ግን ያደረገችውን ልብ አትልም። ልጁ «ቢክሄድ»፣ ማለትም እልኸኛ ሆኖ ታያፕን እምቢ አለ ብላ ታምናለች። አንድም ሰው ቋንቋውን ለመተው አልወሰነም፤ ቋንቋው ግን ተተወ።

6ኛ/ መሳቅ የሚያደርሰው ጉዳት

ኩሊክ በኋለኞቹ ዓመታት ሲመለስ አንድ ያልጠበቀውን ነገር አገኘ። ታያፕ አይችሉም የተባሉት ወጣቶች ለብቻቸው ተቀምጠው ታሪክ እንዲናገሩ ሲጠየቁ ብዙዎቹ በታያፕ መናገር ቻሉ። አንዳንዶቹም ደኅና አድርገው ተናገሩ። ነገር ግን እርስ በርሳቸውም ሆነ ከወላጆቻቸው ጋር በታያፕ አይነጋገሩም።

ከምክንያቶቹ አንዱ ኀፍረት ነው። አንድ ወጣት በታያፕ አንድ ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ግሡን ካበላሸ ትልልቆቹ ይስቁበታል፤ የዘንድሮ ልጆች ቋንቋውን አበላሹት እያሉ ይወቅሱታል። ግሡ አስቸጋሪ መሆኑን ደግሞ ከላይ አይተናል። ታዲያ ወጣቱ ምን ያደርጋል? አፉን ይዘጋል። በቶክ ፒሲን ቢናገር የሚስቅበት የለም። ትልልቆቹ በተራቸው «ይኸው፣ አይችሉም» ይላሉ። ቋንቋውን እንወዳለን የሚሉት ሰዎች ሳቅ ልጆቹን ከቋንቋው ያርቃቸዋል ማለት ነው።

7ኛ/ ትምህርት ቤቱስ?

ለጋፑን ልጆች የቅርብ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1960ዎቹ፣ ዎንጋን በምትባል ጎረቤት መንደር ነው። የዎንጋን ሕዝብ የራሱ ቋንቋ አለው፤ ኮፓር ይባላል። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነበር። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ታያፕን የተካው ቋንቋ እንግሊዝኛ አይደለም፤ ቶክ ፒሲን ነው። ስለዚህ «ትምህርት ቤት ገደለው» ብሎ መደምደም ነገሩን ማቃለል ይሆናል።

ሆኖም ትምህርት ቤቱ ሌላ ትምህርት ሰጥቷል። ኩሊክና ክሪስቶፈር ስትራውድ በ1990 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ቆጥረው ወደ መንደር ሲመለሱ እንግሊዝኛውን የሚጠቀሙበት ቦታ አልነበረም። ፊደሉን ግን ወደ ቶክ ፒሲን አዞሩት። የጸሎትና የመዝሙር መጻሕፍት አነበቡበት፤ ደብዳቤም ጻፉበት። ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ፊት ለፊት ቢነገር የሚያሳፍር ልመናን በለሰለሰ ቃል ለማቅረብ ነበር። ሕዝቡ ፊደልን እንደ ገበሬ ዘር ወስዶ በራሱ መሬት ዘራው ማለት ይቻላል። በታያፕ ግን የሚነበብም የሚጻፍም አልነበረም።

መንግሥትም ጉዳዩን አልዘነጋውም። የ1975 ሕገ መንግሥት ሕዝቡ በዋና ዋናዎቹ የጋራ ቋንቋዎችና በ«ቶክ ፕሌስ»፣ ማለትም በየቀዬው ቋንቋ፣ ማንበብና መጻፍ እንዲችል ያሳስባል። በ1990ዎቹ በተደረገው የትምህርት ለውጥ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ትምህርት በየአካባቢው ቋንቋ እንዲሰጥ ተወሰነ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቋንቋዎችም ወደ ክፍል ገቡ። በ2013 ግን መመሪያው ተለውጦ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በእንግሊዝኛ ማስተማር እንደገና ተጀመረ። የተለያየ ቋንቋ ያላቸው ልጆች በአንድ ክፍል ሲገናኙ፣ መጽሐፍ ሲጠፋ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ የሠለጠነ አስተማሪ ሲታጣ መልካም መመሪያ ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ እንረዳለን።

8ኛ/ ለአስተማሪ የሚሆን ትምህርት

ከጋፑን ታሪክ ለሥራችን ልንወስድ የሚገባን ነጥቦች በእኛ አስተያየት ከዚህ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ/ ልጅ የሚማረው ከምንመክረው ይልቅ ከምናደርገው ነው። ወላጆቹ ታያፕን በቃል ያወድሳሉ፤ በተግባር ግን ቁም ነገራቸውን በሌላ ቋንቋ ይናገራሉ። ልጆቹ ያዩት ተግባሩን ነው። «መጽሐፍ አንብቡ» እያለ ራሱ የማያነብ አስተማሪም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ለ/ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ወዲያው በቀላሉ ቋንቋ መድገም ተማሪውን ያሰንፈዋል። ተማሪው የሚደገምለት መሆኑን ካወቀ የመጀመሪያውን አይሰማም። በምንም ዓይነት አታስረዱት ለማለት አይደለም። ግን ትንሽ ጠብቁ፤ በምልክት፣ በሥዕል፣ በምሳሌ አስረዱት፤ እንዲጥር ዕድል ስጡት።

ሐ/ ስሕተት ይታረማል እንጂ አይሳቅበትም። ይህ ምክር በየማስተማሪያ ዘዴ መጽሐፉ ስላለ የተሰለቸ ይመስላል። የጋፑን ወጣቶች ግን ሳቅ ምን ያህል እንደሚያደርስ አሳይተውናል። አንድ ሙሉ ትውልድ በልቡ የያዘውን ቋንቋ በአፉ እንዳይናገር አድርጎታል። ክፍል ውስጥ ዝም ያለ ተማሪ ሁሉ ያላወቀ አይደለም። አንድ ቀን የተሳቀበትም ሊሆን ይችላል።

መ/ «ልጁ እምቢ አለ» የሚለውን ቃል ለመናገር አንቸኩል። የጋፑን ወላጆች ክፉዎች አልነበሩም፤ ልጆቻቸውን ይወዳሉ። ግን የገዛ ሥራቸው ውጤት የሆነውን ነገር የልጁ ጠባይ አድርገው አዩት። እኛም ተማሪ ሲወድቅ መጀመሪያ የምናስበው ስንፍናውን ነው። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ግን «እኔ ምን አደረግሁ?» የሚለው ነው።

ታያፕ ነገ ምን ይሆናል? ዛሬ የሚናገሩት ሰዎች በዕድሜ የገፉ ናቸው። ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ ታትሟል፤ ድምፁም ተቀርጿል። መዝገቡ ለተመራማሪ ትልቅ ነገር ነው። ልጅ ግን ቋንቋ የሚማረው ሳይሳቅበት ከሚያናግረው ሰው እንጂ ከመዝገብ አይደለም።

9ኛ/ የመወያያ ጥያቄዎች

1. ታያፕ የተተወው ሕዝቡ ቶክ ፒሲንን ስለተማረ ነው ማለት በቂ መልስ ነውን? ሰዎቹ ቀድሞም ብዙ ቋንቋ ይችሉ እንደነበር በማስታወስ መልሱ።

2. የሳጎን አዘገጃጀት ከምታውቁት አንድ የአገራችን ምግብ አዘገጃጀት ጋር አወዳድሩ። በሥዕል አስደግፉ።

3. በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት የአፍ መፍቻ ቋንቋ ያላቸው ሕፃናት ቢያጋጥሟችሁ የመጀመሪያውን ሳምንት ትምህርት እንዴት ታቅዳላችሁ?

4. ተማሪ ሆናችሁ ስሕተት ስትናገሩ የተሳቀባችሁን አንድ ቀን አስታውሱ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ ትምህርት ስንት ጊዜ እጃችሁን አወጣችሁ?

5. ለማስተማር ልምምድ በምትሄዱበት ቀበሌ ሕፃናት ከእናት፣ ከአያትና ከታላላቆቻቸው ጋር በምን በምን ቋንቋ እንደሚነጋገሩ ለአንድ ሳምንት ተከታትላችሁ መዝግቡ። ያገኛችሁትን ለዚህ ጋዜጣ ብትሰጡ በደስታ እናወጣለን።